እንስሳው ሳይጎዳ፣ ሰውም ሳይረገጥ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ እንስሳን ለሕክምና ስለ መያዝ የተላኩ ናቸው። ብዙዎቹ ጠያቂዎች ጠንካራ ሰው ከየት እንደሚያገኙ ይጨነቃሉ። ደብዳቤዎቹን ስናያቸው ግን በአብዛኛው የጎደለው ጉልበት አልነበረም፤ ሰው የቆመበት ቦታና ገመዱ የታሰረበት መንገድ ነው የተበላሸው።

ጥያቄ፦ ላሜ ስትታለብ ገራም ናት። ሐኪም መርፌ ይዞ ሲመጣ ግን ትራገጣለች። ባለፈው ከዛፍ ጋር አሳጥረን አስረናት፣ አምስት ሆነን ከበናት፣ ጭራዋንም ያዝን። ያም ሆኖ አንዱን ልጅ ጉልበቱ ላይ መታችው። ምን ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሦስቱን ሰዎች ወደ ቤት ይላኩ። ላም ዓይኖቿ በራሷ ግራና ቀኝ ስለሆኑ 330 ዲግሪ ያህል ዙሪያዋን ታያለች። የማታየው ከጭራዋ ጀርባ ያለውን ጠባብ ስፍራና አፍንጫዋ ሥር ያለውን ነው። አምስት ሰው ሲከባት የምትሸሽበት አቅጣጫ ይጠፋታል፤ ከማታየው በኩል የሚነካት ሲኖር ደግሞ ትራገጣለች። ላም እንደ ፈረስ ቀጥ አድርጋ ወደ ኋላ ብቻ አትመታም። እግሯን ወደ ፊት አምጥታ ወደ ጎን ታዞረዋለች፤ ስለዚህ ታፋዋ አጠገብ በጎን የቆመ ሰው ተመቺ ነው። ልጁ የቆመው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ዛፉም ራሱ ችግር ነው። ከዛፍ ጋር የታሰረች ላም ራሷ ብቻ ነው የተያዘው፤ ኋላዋ እንደፈለገው ይዞራል። አንድ ጎኗን ከግድግዳ ወይም ከጠንካራ አጥር ጋር ያስጠጉ፣ በሌላው ጎን ረጅም አግዳሚ ወይም የበረት መዝጊያ ያድርጉ፣ ራሷን ከፊት ይሰሩ። መርፌ ለመውጋት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ብዙ ከብት ያለው ሰው ክራሽ (ከብቱ ገብቶ የሚቆምበት፣ መዞር የማያስችል ጠባብ የእንጨት መያዣ) ቢሠራ ያዋጣዋል። ለአዋቂ ከብት ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። «ይስፋት» ብለው ካሰፉት ከብቱ ውስጡ ዞሮ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ማውጣቱ ከማስገባቱ የባሰ ሥራ ነው። የጎን እንጨቶቹ መካከል እግር ገብቶ የሚቀረቀርበት ክፍተት እንዳይኖር ይጠንቀቁ።

ገመድ በአንገት ላይ በሸምቀቆ አይግባ፤ ስትጎትት ይጠብቅና ያንቃታል። ገመዱ ከጆሮዎቿ ኋላ አልፎ አፍንጫዋን የሚዞር የራስ ማሰሪያ ይሁን። የአፍንጫው ክፍል ከዓይኗ በታች፣ አጥንቱ ላይ ይረፍ። ወደ አፍንጫ ቀዳዳዎቹ ከወረደ መተንፈሻ ይዘጋል። ምሰሶው ላይ ሲያስሩ የገመዱን ጫፍ በቋጠሮው ውስጥ አያሳልፉ፤ እጥፉን ያሳልፉና ጫፉን ውጭ ይተዉት። ላሟ ብትወድቅ ወይም ብትታነቅ ጫፉን አንድ ጊዜ ሲስቡት ይፈታል። ጫፉ በሰው እጅ ላይ ፈጽሞ አይጠቅለል። በዚህ ምክንያት ጣት የተቆረጠባቸው ሰዎች አሉ።

ሲቀርቧት ድምፅዎን እያሰሙ ወደ ትከሻዋ በሰያፍ ይሂዱ። ከትከሻዋ ኋላ ከቆሙ ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ከትከሻዋ ፊት ከቆሙ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ይህን የያዘ ሰው በዱላ ከሚነዳ ሰው ቀድሞ ክራሽ ያስገባታል።

ራሷን አጥብቆ መያዝ ካስፈለገ ያዡ ከትከሻዋ አጠገብ ይቁም፣ አንድ እጁን ከመንጋጋዋ ሥር ያሳልፍ፣ በሌላው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየውን ግድግዳ ቆንጥጦ ራሷን ወደ ጎን ያዙር። ቀዳዳዎቹን ራሳቸውን መድፈን አይደለም። ጥፍር ረጅም ከሆነ አስቀድሞ ይቆረጥ።

ጭራውን መያዛችሁ ስህተት አልነበረም፤ ግን ብዙ ሰው መሃሉን ይዞ ይጠመዝዛል። መሃሉ ላይ አጥንቱ ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል። በሁለት እጅ ከሥሩ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ተይዞ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ቀስ ተብሎ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ያዡ ከኋላዋ በጣም ተጠግቶ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጭራው በትክክል ከተነሳ አብዛኞቹ ላሞች እግራቸውን ማንሳት ይተዋሉ። ወደ ጀርባዋ አልፎ እንዲታጠፍ ከተገፋ ግን ሥሩ ላይ ያለው ነርቭ ይጎዳል፤ ጭራው ዝንብ መከላከል ያቅተዋል።

ጥያቄ፦ ሰኮናው የቆሰለ በሬ ማስተኛት አለብን። እዚህ የተለመደው ቀንዱን ይዞ አንገቱን ጠምዝዞ መጣል ነው። ባለፈው ዓመት እንዲህ የተጣለ በሬ ቀንዱ ተሰበረ። ሌላ መንገድ አለ ወይ? ማደንዘዣ መርፌስ አይሻልም?

መልስ፦ አለ፤ ሦስት ሰውና አንድ ገመድ ይበቃዋል። ገመዱ ለስላሳ፣ የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለውና 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይሁን። ቀጭን የናይሎን ገመድ ቆዳ ይልጣል።

ሥራው ከመሬቱ ይጀምራል፦ ድንጋይ የሌለበት ሣር ወይም ጭድ የተነሰነሰበት ሜዳ። በሬው ከ12 እስከ 24 ሰዓት መኖ አይስጡት። የሞላ ጨጓራ ያለው ከብት በጎኑ ሲተኛ ጋዙን ማግሳት አይችልም፤ ሆዱ ይነፋና ሳንባውን ይገፋል። ወይም ከጨጓራው የተመለሰው ወደ ሳንባው ይገባል።

ከዚያ የገመዱን መሃል በአንገቱ ላይ፣ ልክ ከትከሻው ፊት ያሳርፉ። ሁለቱን ጫፎች በፊት እግሮቹ መካከል ያውርዱ፣ ደረቱ ሥር ያመሳቅሏቸው፣ በግራና በቀኝ ጎኑ አውጥተው ጀርባው ላይ እንደገና ያመሳቅሏቸው። በመጨረሻ በየጎኑ ወደ ታች ወርደው በኋላ እግሮቹ መካከል፣ በታፋውና በቆለጡ መሃል (ላም ከሆነች በታፋዋና በግቷ መሃል) ወደ ኋላ ይውጡ። አንድ ሰው ራሱን ይይዛል። ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ጫፍ ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ያለማቋረጥ ይስባሉ። መንጠቅ የለም። በሬው ጥቂት ይገፋል፣ ከዚያ ጉልበቶቹ ይታጠፉና ራሱ ይተኛል።

ሌላው የታወቀ መንገድ በአንገቱ የማይጠብቅ ቀለበት አስሮ፣ ገመዱን በደረቱና በሽንጡ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ወደ ኋላ መሳብ ነው። እሱም ያስተኛል፤ ለማሰርም ይፈጥናል። ነገር ግን የሽንጡ ገመድ የወንዱን ብልት ወይም የታላቢ ላም ግት የደም ሥሮችን ይጫናል። ለእርስዎ በሬ የፊተኛውን ይምረጡ።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከተኛ በኋላ ነው። ሁሉም ሰው ገመዱን ይለቅና ወደ ሰኮናው ይሮጣል። ራሱን የያዘው ሰው አንገቱን ዘርግቶ መሬት ላይ እንዳስያዘው እስኪቆይ ድረስ በሬው አይነሳም፤ ከብት ለመነሳት መጀመሪያ ራሱን ማወዛወዝ ያስፈልገዋልና። ጫፎቹ እንደ ተሳቡ ይቆዩና የኋላ እግሮቹ በእነሱው ይታሰሩ። ረጅም ሥራ ከሆነ ከታች በኩል ያለው የፊት እግር ወደ ፊት ይሳብ፣ ትከሻው ሥር ጭድ የሞላ ጆንያ ይግባ። ይህ ካልተደረገ ክብደቱ የእግሩን ነርቭ ተጭኖት በሬው ሲነሳ እግሩን መጎተት ይጀምራል። ሥራው እንዳለቀ ወዲያው በደረቱ ላይ እንዲቀመጥ ይገልበጥ። በመሃሉ ግራ ሽንጡ ከተወጠረ ሥራው ይቁምና በደረቱ ይቀመጥ።

ማደንዘዣ የሐኪም ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም ቀልድ አይደለም። ለከብት በብዛት የሚሰጠው ዛይላዚን ነው። ይህ መድኃኒት ከብትን በጥቂቱም እጅግ ይበረታበታል፤ ፈረስ ከሚያስፈልገው አንድ አሥረኛ ያህሉ ይበቃዋል። መድኃኒቱ ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ያለውና 100 ሚሊ ግራም ያለው ተብሎ በተለያየ ጥንካሬ ይሸጣል። ብልቃጡን ሳያነብ የሚወጋ ሰው በሬውን ሊገድል ይችላል። የደረሰች እርጉዝ ላም ደግሞ ማህፀኗ እንዲኮማተር ስለሚያደርግ አይሰጣትም። በገመድ መጣልም ለእሷ አይሆንም፤ ቆማ ትታከም።

ጥያቄ፦ የትል መድኃኒት በጠርሙስ ስንግት ከብቶቹ ያስላቸዋል። አንዷ ጥጃ ከጋትናት በኋላ በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ተበላሽቶ ሞተች። መድኃኒቱ ይሆን?

መልስ፦ ካሳላት በኋላ ትንፋሿ ከተበላሸ ቀድመን የምንጠረጥረው መድኃኒቱን ሳይሆን የሄደበትን መንገድ ነው። ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ ይህ ደግሞ በማግስቱ ሳይሆን ከጥቂት ቀን በኋላ ነው የሚገለጠው።

ስህተቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ ራሷ ወደ ሰማይ ይቀናል፣ ምላሷ ይጎተታል። ምላሷ የተያዘባት መዋጥ አትችልም። አፍንጫዋ ከዓይኗ ከፍታ በላይ አይውጣ፤ አገጯ ከመሬት ጋር ትይዩ ከሆነ በቂ ነው። አውራ ጣትዎን ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ጥርስ በሌለበት ክፍተት ያስገቡ፤ አፏ ይከፈታል። የጠርሙሱን አፍ (የፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል፤ ብርጭቆ ይሰበራል) በዚያው በጎን በኩል ወደ ምላሷ ላይ ያድርሱ። ትንሽ ያፍስሱ፣ ስትውጥ ጉሮሮዋን ይመልከቱ፣ ከዚያ ይጨምሩ። ካሳላት ወዲያው ራሷን ይልቀቁና ዝቅ ታድርገው፤ እስክትረጋጋ አይቀጥሉ። የተኛችና መነሳት የተሳናት ላም፣ እንዲሁም መዋጥ ያቃታት እንስሳ በአፍ አትጋትም።

ከዚሁ ጋር የማይነጣጠል ማስጠንቀቂያ አለ። ለሃጭ የምታዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃታት፣ ድምፅዋ የተለወጠ ላም ስታዩ «አንዳች ነገር ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሯል» ብላችሁ ባዶ እጅ አፏ ውስጥ አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ በከብት ላይ እንዲህ ሆኖ ይታያል፤ ቫይረሱም በምራቋ ውስጥ ነው። ለይታችሁ አስራችሁ ሐኪም ጥሩ።

ጥያቄ፦ አህያችን ቁስል ሲታጠብ ጆሮውን ጠምዝዘን ነው የምንይዘው። አሁን ጆሮውን ጭራሽ አያስነካም፤ ልባብ ማስገባትም አልተቻለም።

መልስ፦ ለዚህ ነው ጆሮ መያዝ የማንመክረው። ሕመሙን እንስሳው አይረሳም፤ የጆሮው ልም አጥንትና ነርቭም ይጎዳል። ፈረስ ላይ የሚሠራው የላይኛውን ከንፈር በለስላሳ ገመድ ቀለበት፣ በአጭር ዱላ ጠምዝዞ መያዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የልብ ምቱ ይወርዳል፣ እንስሳው ይፈዛል፤ ሰውነቱ ሕመም የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር ስለሚያመነጭ ነው። ከ5 ደቂቃ በኋላ ግን ውጤቱ እየተገለበጠ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚታጠበው፣ የሚወጋው ሁሉ ቀድሞ ይዘጋጅ። አህያ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ይልቁን ያስቆጣዋል።

አህያ ሲፈራ አይሮጥም፤ ይደርቃል። «ዝም ብሏል፣ ተስማምቷል» የሚሉት ያን ጊዜ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ርግጫ ግን ማስጠንቀቂያ የለውም። አብሮት የሚውል ጓደኛ ካለው በዓይኑ በሚያየው ቦታ ይሰሩለት። ከጓደኛው የተለየ አህያ በጭንቀት መብላት ያቆማል፤ ከቆመ ደግሞ የሰውነቱ ስብ ወደ ደሙ ገብቶ ጉበቱን ይጎዳዋል፣ ይህም ይገድላል። በግራ ትከሻው በኩል ይቅረቡ፣ አንገቱን እያሻሹ እጅዎን ሳያነሱ ወደ ቁስሉ ይውሰዱ። ያዡና ሐኪሙ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ይቁሙ። እንስሳው ሲደነግጥ ያዡ የእንስሳውን ራስ ወደ ቆሙበት ጎን ይስበዋል፤ ኋላውም ወደ ተቃራኒው ጎን ይዞራል። በተቃራኒ ጎን ከቆሙ ግን ያዡ የእንስሳውን ራስ ወደ ራሱ ሲስብ ኋላውን በሐኪሙ ላይ ያዞርበታል። ከኋላ ማለፍ ካስፈለገ ወይ ገላውን ተደግፈው ይለፉ ወይ ከ3 ሜትር በላይ ይራቁ።

ለጆሮው፦ ለጥቂት ሳምንታት ልባቡ በአንገቱ ላይ ተዞሮ ከላይ የሚቆለፍ ይሁን፤ ጆሮውን ሳይነካ ይገባል። ካገገመ በኋላ ከአንገቱ ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ እያሹ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ በግና ፍየል አንድ ዓይነት ነው የሚያዙት?

መልስ፦ አይደለም። በግ በጸጉሯ አትያዝም፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ደም ይቋጥራል። አንድ እጅ ከአገጯ ሥር፣ ሌላው ከኋላዋ ሆኖ ከግድግዳ ጋር ትቁም። ሰኮናዋን ለማየት ራሷን ወደ ትከሻዋ ያዙሩ፣ በሌላው እጅ የራቀውን ሽንጧን ይያዙና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ፤ ተንሸራታ በቂጧ ትቀመጣለች። ጀርባዋን በጉልበትዎ ይደግፉ። ሆዷ የሞላ ወይም የደረሰች እርጉዝ ከሆነች ግን ይተዉት፤ መተንፈስ ይከብዳታል።

ፍየል በቂጧ ብትቀመጥ እየጮኸች ትታገላለች፤ ቆማ ትያዝ። ቀንዷ ካስፈለገ ከሥሩ እንጂ ከጫፉ አይያዝ። የግልገል ቀንድ ደግሞ ጭራሽ አይነካ፤ በቀላሉ ይነቀላል።

ጥያቄ፦ ድመቴን ሐኪም ቤት ስወስዳት ማጅራቷን ይዘው ነው የሚያነሷት። እናቷም እንዲህ ታነሳት ስለነበር አይጎዳትም ይላሉ።

መልስ፦ እናት የምታነሳው ጥቂት መቶ ግራም የሚመዝን ግልገል ነው። አዋቂ ድመት በማጅራቷ ስትነሳ ጸጥ ብትልም ፈርታ እንጂ ተረጋግታ አይደለም። በ2022 የወጣው የዓለም አቀፍ የድመት ሐኪሞች መመሪያም ማጅራት መያዝን አይደግፍም። ክዳኑ የሚነሳ ማጓጓዣ ሳጥን ይግዙ፣ ከቀጠሮው ብዙ ቀን በፊት ክፍት አድርገው ቤት ውስጥ ያኑሩት፤ ትተኛበት። ሐኪሙ ክዳኑን ብቻ አንስቶ እዚያው ውስጥ ሊመረምራት ይችላል። ካስፈለገ በወፍራም ፎጣ ይጠቅልሏት፦ አንዱን ጎን በአንገቷና በፊት እግሮቿ ላይ አጥብቀው፣ ሌላውን ከላይ ደርበው፤ ራሷና የሚታከመው እግር ብቻ ይውጣ። ከነከሰችዎ ቁስሉ ትንሽ መሆኑ አያታልልዎ። ጥርሷ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ባክቴሪያውን ጥልቅ አድርጎ ይተክለዋል፤ እጅ ላይ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ዶሮ ክትባት ስትከተብ እጄ ላይ ሞተች። አጥብቄ ይዣት ነበር።

መልስ፦ አጥብቆ መያዙ ነው የገደላት ብለን እንጠረጥራለን። ዶሮ እንደ ሰው ሳንባን ከሆድ የሚለይ ጡንቻ የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ወደ ታችና ወደ ላይ በማንቀሳቀስ ነው። ደረቷ ከተጨመቀ ትታፈናለች። ክንፎቿን ከገላዋ ጋር ያጥፉ፣ እግሮቿን በጣቶችዎ መካከል ይያዙ፣ ደረቷ መዳፍዎ ላይ ሳይጫን ይረፍ። ብርሃን ሲደበዝዝ ይያዟቸው፤ አይሯሯጡም።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ከቤት ሰው ጋር ደህና ነው፤ ሲቆስል ግን ያስነካኛል ብዬ አላምንም። ሙያ ያለው ሰው እስኪደርስ አፉን በምን ልሰር? ከነከሰኝስ?

መልስ፦ የሚያመው ውሻ ባለቤቱንም ይነክሳል፤ መጠርጠርዎ ልክ ነው። 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ፋሻ ይበቃል። መሃሉ ላይ ሰፊ ቀለበት ይሥሩ፣ ከጎኑ ቆመው አፍንጫውንና አፉን አንድ ላይ እንዲይዝ ያጥልቁትና ቋጠሮውን ከላይ ያጥብቁ። ጫፎቹን ወደ ታች አውርደው ከአገጩ ሥር ያመሳቅሉ፣ ከዚያ ከጆሮዎቹ ኋላ፣ ማጅራቱ ላይ በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ ይሰሩ። የማጅራቱ ቋጠሮ ካልተደረገ በፊት መዳፉ በአንድ ጊዜ ያወልቀዋል።

ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ስለሆነ ፋሻው ለደቂቃዎች እንጂ ለሰዓት አይደለም፤ ጥላ ሥር ይሁን፣ ብቻውንም አይተው። የሚያስታውከው፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ ውሻ ጭራሽ በዚህ አይታሰርም። ምላሱ ወይም ድዱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ወዲያው ይፍቱት። ሲይዙት አንድ ክንድ ከአንገቱ ሥር አልፎ ራሱን ወደ ደረትዎ ያስጠጋ፣ ሌላው ከሆዱ ሥር ይደግፍ። ፊትዎን ወደ ፊቱ አያቅርቡ።

ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የሚነክስ፣ የሚያዝረበርብ ወይም መንጋጋው የወረደ ውሻን ግን ለማሰር አይሞክሩ። በር ዘግተው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ከነከሰዎት ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። ሰዓት እያዩ ይጠቡ፤ ሰው ሁሉ ቶሎ ያቆማል። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄደው ስለ ክትባት ይጠይቁ። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል፤ ይህ ማለት ግን 10 ቀን ጠብቆ መታከም ማለት አይደለም። ሐኪሙ ክትባት ካዘዘ ወዲያው ይጀመራል፤ ውሻው በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ሊያቆመው ይችላል። ውሻው በዚህ መሃል ከሞተ አይቅበሩት፤ አንጎሉ እንዲመረመር ለእንስሳት ሐኪሙ ያስረክቡ።